ቅሬና የሰው ስም በወረኢሉ

በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የዘመተው ሠራዊት በከተተባት በወረኢሉ፣ እንደ ሌላው ደቡብ ወሎ ሁሉ፣ የቀብር ማኅበር «ቅሬ» ይባላል። በብዙ ስፍራ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ይገቡበታል። የሰው ስም ከሁሉ ይልቅ የሚመዘነውም በዚሁ ነው። ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ፣ ማን ዶማ ይዞ እንደ ቆፈረ፣ ማን ቃሬዛ እንደ ተሸከመ፣ ጎረቤት ሳይጽፈው ያስታውሰዋል። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ለቅሬው ዳኛ መቀጫ ይከፍላል፤ ዳሩ ግን ከመቀጫው በኋላ የሚተርፈው ሐሜት ከገንዘቡ ይከብዳል። ደቦ ቢጠራ የሚመጣለት ጥቂት ነው። ሀብትም አይረዳውም፤ ባለ ብዙ ከብት ቢሆን የገዛ ሬሳውን ተሸክሞ ሊቀብር አይችልምና። ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይለምናል፤ ይቅር ከተባለም በኋላ፣ በሚቀጥለው ቀብር ዶማ መያዙ ይታያል።