«ሃንድ» እጅ ብቻ ነውን?

የእንግሊዝኛው «ሃንድ» ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ነው፤ ክንዱን «አርም» ይሉታል። እኛ ግን ሁሉንም «እጅ» እንላለን። በሰዓት ላይ የሚዞረው ጠቋሚም፣ የጉልበት ሠራተኛም፣ የእጅ ጽሕፈትም «ሃንድ» ይባላል። «ሰከንድ ሃንድ» ያገለገለ ዕቃ ነው። «ሬድ ሃንድድ» ደግሞ የኛው «እጅ ከፍንጅ» መሆኑ ነው።

ችግሩ ያለው ፈሊጡ ላይ ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» የሚለውን አንድ ልጅ «እጅ ስጥ!» ብሎ ተረጎመው። ክፍሉ አውካካ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲያ እጁን አላወጣም። «እርዳኝ» ማለት መሆኑን ቀድሜ ያላስተማርሁት ግን እኔው ነበርሁ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ቃልን ከነፈሊጡ እናስተምር፤ በተሳሳተ ልጅም አንሳቅ።