ከ28ኛው ቀን በፊት

ሳምቡሳ የምትጠቀልል ሴት ጠርዙን ከጠርዙ ጋር በጣቷ እየጫነች ታጣብቃለች። አንድ ቦታ ከሳተች ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ከዚያው ይከፈታል። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር አፈጣጠርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ጠፍጣፋ የነበረው የሕዋሳት ገበታ ግራና ቀኝ ጠርዙ ይነሣና ተገጣጥሞ ቱቦ ይሆናል። ሥራው የሚያልቀው በተፀነሰ በ28 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የእናቲቱ ወር አበባ ቢዘገይ ሁለት ሳምንት ነው፤ ማርገዟን የማታውቅ ብዙ ናት።

ቱቦው ወደ ራስ በኩል ሳይገጥም ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በወጉ አይፈጠሩም። ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፣ አለዚያም ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ ሕክምናም የለውም። ወደ ታች ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ስፓይና ቢፊዳ ይባላል፤ ጀርባው ላይ በስስ ሽፋን የተያዘ እብጠት ይታያል፣ ነርቮቹም የቆዳ ከለላ የላቸውም። በንጹሕ እርጥብ ጎዝ ተሸፍኖ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ጨቅላ የመትረፍ ተስፋው ትልቅ ነው። ሲዘገይ ጀርም በክፍተቱ ገብቶ ማጅራት ገትር ያስከትላል። ብዙዎቹም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «እርግማን ነው» እየተባለች የምታለቅስ እናት አለች። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት ለእርሷ መልስ አለው። ቀደም ሲል ይህ ችግር ያጋጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ የመደገሙ አደጋ በ72 በመቶ ቀነሰ። የዘር ውርስ፣ የስኳር በሽታና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው፤ እርግማን ግን የለበትም።

የፎሊክ አሲድ ተፈጥሯዊ ዓይነት የሆነው ፎሌት በጎመን፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥ አለ፤ ወጡ ሲንተከተክ ግን ብዙው ይጠፋል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ክኒን ለደም ማነስ ደግ ነው፣ ለቱቦው ግን ረፍዷል። ልጅ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ቀድማ መጀመር አለባት፤ ችግሩ አንዴ የደረሰባት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ 10 እጥፉን።

ሳይታሰብ የሚፀነሰውስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አወጣች። ደስ የሚል እርምጃ ነው፤ ሆኖም ጤፍ የሚፈጨው በሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። ተመራማሪዎች አዮዲን በሚጨመርበት ጨው ላይ ፎሊክ አሲድም እንዲታከል የሚሹት ለዚህ ነው። ጤፉ የትም ይፈጭ፣ ጨው ከየቤቱ ወጥ አይቀርም።