መጥረቢያ የማይደርስበት ዘር

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው፣ መንገዱን ከግራና ከቀኝ የያዘውን እሾሃማ ጥሻ ሳያይ አያልፍም። በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ «ወያኔ» ይለዋል። ከላይ የሚታየውን ጠባዩን ሾፌሩም አርብቶ አደሩም ያውቀዋል፦ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ ጥሻው ከብት አያሳልፍም፣ ከሰሉ በጆንያ ታጭቆ ለአላፊ መኪና ይሸጣል። ዋናው ጉልበቱ ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። ይህን ያሳዩን አፈር ቆፍረው፣ ፋንድያ በጥብጠው ዘር የቆጠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዱ የደን ሥነ ምህዳር ሊቁ ደመል ተከታይ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዶክትሬት ዲግሪው በስዊድን ሲማር፣ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ምን ያህል ዘር ተቀብሮ እንደሚኖር መረመረ። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው። ከደኑ ወለል አፈር በስሱ፣ በየድርብርቡ ይነሳል፤ ከዚያ በግሪንሃውስ ውስጥ በሳህን ተዘርግቶ ውኃ ይጠጣል፤ የሚበቅለው ሁሉ እየተለየ ይቆጠራል። ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚገባበት ሥራ አይደለም። ከአንደርስ ግራንስትሮም ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት በአንድ ካሬ ሜትር ከ12 ሺህ እስከ 24 ሺህ የሚደርስ ዘር ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ዝርዝሩ ግን አያስደስትም። አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነበር። የደኑ ዋና ዋና ዛፎች አፈር ውስጥ ያስቀመጡት ጥቂት ነው። ደኑ አንዴ ከተመነጠረ፣ ዛፎቹ ከአፈሩ ብቻ ተመልሰው ይመጣሉ ማለት ዘበት ነው።

ወያኔ የነዚህ የደጋ ዛፎች ተቃራኒ ነው።

ትውልዱ መካከለኛው አሜሪካና አካባቢው ሲሆን፣ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለው በደርግ ዘመን ለመስኖ የጥጥ እርሻዎች ጥላና የነፋስ መከላከያ እንዲሆን ነበር። ኃይሉ ሽፈራው፣ ደመል ተከታይ፣ ስለሺ ነሞምሳና ፋሲል አሰፋ በዚሁ በመካከለኛው አዋሽ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። የመረመሩት አንዱ ነገር የእንስሳት ፋንድያ ነበር። በአንድ ኪሎ የፍየል በጠጥ 760፣ በአንድ ኪሎ የከብት እበት ደግሞ 2,833 የወያኔ ዘር አገኙ። የዛፉ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ፣ ግጦሽ በሚጠፋበት የበጋ ወራት ከብቱም ግመሉም ከርከሮውም ይበላዋል። ጠንካራ ልባስ ያለው ዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈጭ ያልፋል። እንስሳው ራቅ ብሎ ሲጥለው፣ ዘሩ ማዳበሪያውን ይዞ መሬት ይወርዳል። ከዘሩ ከፊሉ በመጀመሪያው እርጥበት ይበቅላል፤ የቀረው አፈር ውስጥ እንደ ጎተራ እህል ተቀምጦ የተሻለ ዓመት ይጠብቃል።

በኔ አስተያየት የወረራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሣሩ ይበላል፣ ዘር ሳይጥል ያልቃል። ወያኔው ደግሞ በዚያው ድርቅ ይበላና ይዘራል።

ጉዳዩ በዘር ብቻ አያበቃም። ሰብስቤ ደምሰው የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ የመካከለኛው አዋሽ ጥናት፣ የወያኔ ቅጠልና ሥር የተነከረበት ውኃ በአገር በቀል ዕፅዋት ላይ ምን እንደሚያደርግ ፈትኗል። የግራር ዘሮች ተቋቁመውት በቅለዋል፤ ከብት የሚወደው ሴንክረስ የተባለው የግጦሽ ሣር ግን ውኃው ሲበረታ መብቀል ተስኖታል። በዚሁ አካባቢ ያለው ሰፊው የአሌደጊ ሜዳ የሣር አገር መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዛፉ ፍትሐዊ እንሁን ካልን የሚጠቀስለት ሥራም አለ። በሥሩ ላይ የሚኖሩ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ዛፉን ይቀልባሉ። ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ አፈሩ ይጠቀማል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ በኩል በመስኖ ብዛት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ፣ ጨው ወጥቶባቸው የተተዉ የጥጥ ማሳዎች አሉ። ጥጥ በከዳው በዚህ ዓይነት ጨዋማ መሬት ላይ ወያኔ ይቆማል። የለማው አፈር ለማን እንደሚጠቅም ነው ጥያቄው፤ ሣር ከሥሩ ካልበቀለ አርብቶ አደሩ ምንም አላገኘም።

ኃይሉ ሽፈራው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር የሳተላይት ምስልና የመስክ ልኬትን አጣምሮ ወረራውን ለካ። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ የሳሳውም የጠቀጠቀውም ተደምሮ፣ በወያኔ ተይዟል። አንድ ዛፍ በቀን በአማካይ 7 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚጠቀምም ተለክቷል። ሰባት ሊትር ብቻውን ሲሰማ ጥቂት ይመስላል፤ በክልሉ ባለው ዛፍ ሁሉ ሲባዛ ግን በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያልፋል። ያውም አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ በሚያልቅበት አገር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመሬት በላይ መቁረጥ ብቻውን ዛፉን አይገድለውም። ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አቆጥቁጦ፣ ከቀድሞው የባሰ ጥሻ ይሆናል። የሚያቆጠቁጠው ክፍል ከአፈሩ ገጽ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ ጉቶውን ቆፍሮ ሥሩን ከመሬት በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። ከሰል አክሳዩ ደግሞ ይህን ለማድረግ ምክንያት የለውም፤ ጉቶው ቢያቆጠቁጥለት ነገ ሌላ ከሰል ነው። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በገዋኔና በአሚባራ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የሞከረው ፍሬውን ለቅሞ በወፍጮ መፍጨት የተሻለ አሳብ ነው፤ ዘሩ ይደቃል፣ ዱቄቱም ለከብት መኖ ይሆናል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዘመቻ «ይህን ያህል ሄክታር ተመነጠረ» የሚል ዜና ሲሰሙ፣ ከዝናቡ በኋላ በዚያው መሬት ላይ ስንት የወያኔ ቡቃያ፣ ስንትስ ሣር እንደበቀለ ይጠይቁ።