ቧንቧ የሚያፈሰው ከመገጣጠሚያው ነው

ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ይህን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። በቧንቧ ውስጥ ሲሆን ግን ሽቅብም ይወጣል። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ አንኮበር መጣ። ይኸው ሰው በ1886 ዓ.ም. የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ። ቧንቧው ከተራራው ወርዶ፣ ረባዳውን አቋርጦ፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበትን ኮረብታ ወጣ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ ይባላል። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ይላል። የላይኛው ውሃ የታችኛውን ይገፋዋል።

ግፊቱ ምን ያህል ነው? ውሃው 10 ሜትር በወረደ ቁጥር፣ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጨመራል። 100 ሜትር ቢወርድ 10 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። አንኮበር ደግሞ አገሩ ገደል ነው። ከአናቱ እስከ ቆላው ድረስ ቧንቧ ያለ ማረፊያ ቢዘረጋ ታችኛው ጫፍ ይፈነዳል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ አየር የሚያስገባ ገንዳ ይሠራለታል። ውሃው ገንዳው ውስጥ ሲፈስ ኃይሉ ይበርድና ጉዞውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

በሰፈርንበት ቀበሌ አንድ ቧንቧ ታች ከጎሚቶው ላይ ያፈስ ነበር። ጎሚቶ በጣሊያንኛ ክርን ማለት ነው፤ ቧንቧ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። ሰዎቹ ጨርቅ ጠመጠሙበት፤ አድሮ ፈሰሰ። እኛ ደግሞ ተምረናል ብለን ከመነዳሪ ቀደን ጥፍር አድርገን አሰርነው። ሦስት ቀን አልቆየም። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ሲመለሱ አፈርን።

በኋላ ከደብረ ብርሃን አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። መጀመሪያ የላይኛውን መዝጊያ ዘግቶ ውሃውን አስወጣ። ጎሚቶውን በመፍቻ ፈታው። የቧንቧው ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ። ከዚያ ጥርሱን ተከትሎ፣ ጎሚቶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ቃጫ ጠመጠመ። በተቃራኒው ቢጠመጠም ጎሚቶው ሲገባ ቃጫውን ይተረትረዋል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። አጥብቆ ሲያበቃ ወደ ኋላ አልመለሰውም፤ ትንሽ እንኳ ከላላ እንደገና ያፈሳል።

አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ለምን አይበየድም?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ፍል እንፋሎት የሚሄድበት ጥቁር ብረት ቧንቧ ይበየዳል፤ ብየዳ ብረትና ብረትን አቅልጦ አንድ ያደርጋልና። የቀበሌው ቧንቧ ግን እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ነው። ዚንኩ ዝገት ይከላከላል። የብየዳ እሳት ሲነካው ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ጭሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። የተበየደው ቦታም ራቁቱን ስለሚቀር ቶሎ ይዝጋል።

በደብረ ብርሃን በኩል ያላችሁ ደግሞ ውርጭን አትርሱ። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቧንቧውንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከጉልበት በላይ ጥልቅ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ከማረሻም ያድነዋል። ታዲያ ቦዩን አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ውሃ ልቀቁበትና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ እጅ ዳስሱት።