ተረትና እውነታ፦ ልጆችን ይዞ አዲስ አበባን ማየት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ አውቶቡሶች በልጆች ይሞላሉ። ብዙዎቹ ሸገርን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ወላጆቻቸው ቢሆኑም ከተማዋን የሚያውቋት ለጉዳይ ወይም ለሕክምና ሲመጡ ነው እንጂ ለሽርሽር ልጅ አስከትለው አይደለም። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚነደፈው ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከሹፌር በተሰማ ወሬ ነው። ወሬው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ግን አብዛኛው ለትልቅ ሰው እንጂ ለስድስት ዓመት ልጅ እግርና ሆድ ታስቦ የተወራ አይደለም።

«መስኮት አትክፈቱ፣ ልጁን ንፋስ ይመታዋል»

ጉዞውን ገና ከመናኸሪያው ሳይርቅ የሚያበላሸው ይኸኛው ነው። መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፣ አየሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ማስመለስ ይጀምርና ሌሎቹ ይከተሉታል። ፌስታል እየተቀባበሉ መንገዱን የጨረሱ ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል።

ልጅን መኪና ውስጥ የሚያስመልሰው ንፋስ አይደለም። የውስጥ ጆሮው ሰውነቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለአንጎል ይነግራል፤ ዓይኑ ደግሞ ፊቱ ያለውን የማይነቃነቅ ወንበር እያየ ቆመናል ይላል። የሁለቱ መልእክት ሲጋጭ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ይህ በተለይ ከሁለት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል። የታፈነ አየርና የናፍጣ ሽታ ያባብሱታል፤ ንጹሕ አየር ግን ይረዳል። የተዘጋ አውቶቡስ ጉንፋንና ሳልንም ከአንዱ ተሳፋሪ ወደ ሌላው በቀላሉ ያዛምታል። ብርዱ ካሳሰባችሁ ልጁን ጋቢ አልብሱትና መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጉት።

ወደ ፊት ያለ ወንበር ያዙ። ልጁ ሩቅ ያለውን ተራራ እንዲያይ አድርጉት፤ ስልክ ላይ ካርቱን ከፍታችሁ አትስጡት፣ እሱ የባሰ ነው። «ባዶ ሆዱን ከሆነ አያስመልሰውም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል። ቅባት የበዛበት ቁርስ ቀርቶ ደረቅ ዳቦና ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ሎሚ ማሽተቱን የለመደ ያሽት፤ አይጎዳም።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ብርድ ልብስ ያዙ»

ከየት እንደምትመጡ ነው የሚወስነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። የደብረ ብርሃን ሰው ለአዲስ አበባ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲወርድ ሳይ ፈገግ እላለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ነው የሚነሣው። ለእሱ ሹራብ ግድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀንም ዕረፍት ይፈልጋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣን ልጅ በደረሰ ማግስት እዚያ ማስሮጥ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ሊያመጣበት ይችላል። እንጦጦን ወደ መጨረሻው ቀን አድርጉት።

«ዘመድ ቤት ካረፍን ወጪ የለብንም»

ይህን መንካት ከባድ ነው፤ ዘመድን አልፎ ሌላ ቦታ ማደር በእኛ አገር ማኩረፊያ ነው። ሒሳቡን ግን እንሥራው። የአክስት ልጅ ኮንዶሚኒየም የደረሳት የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ነው እንበል። ልጆች ሊያዩ የሚፈልጉት ነገር ሁሉ ያለው መሐል ከተማ ነው። ጠዋት የሠራተኛ ሰልፍ፣ ማታ የሠራተኛ ሰልፍ፣ በመሐሉ መጨናነቅ። ልጆቹ ገና አንድ ነገር ሳያዩ ይደክማሉ፤ ማታ ተኝተው ትከሻ ላይ ናቸው፣ ቤቱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ከሆነ አምስት እንግዳ መጨመር ለባለቤቶቹ ምን ማለት እንደሆነ አይነግሯችሁም። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በባዶ እጅ ስለማይገባ ቅቤው፣ ማሩ፣ በርበሬውም አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ የአልጋ ኪራይ ስላልተባለ ብቻ ነጻ አይሆንም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ አቅም ካለ ለአራት ኪሎ ቀረብ ያለ ንጹሕ ፔንሲዮን ተከራይታችሁ፣ እሑድ ቅቤያችሁን ይዛችሁ ዘመድ ጋ ምሳ ብሉ። ቀድማችሁ ደውሉና «እትዬ፣ ልጆቹ መንገድ እንዳይበዛባቸው ብለን ነው» በሏቸው፤ የሚያስቀይመው ሌላ ቦታ ማደሩ ሳይሆን ከሌላ ሰው መስማቱ ነው። ፔንሲዮን ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩ፣ ሙቅ ውሃውን ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ተጨማሪ ፍራሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። መታወቂያ አትርሱ። አቅም ከሌለ ደግሞ ዘመድ ቤት ማረፍ ነውር የለውም፤ ያኔ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መሐል ከተማ ግቡ።

«ከመጡ አይቀር ሁሉንም ይዩ»

ጠዋት እንጦጦ፣ ቀትር ላይ መርካቶ፣ ከሰዓት ቦሌ፣ ማታ መስቀል አደባባይ፦ ይህ የአዋቂ ምኞት ነው። ትንሽ ልጅ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ካየ በቂው ነው፤ ሁለተኛው ሲጨመር የመጀመሪያውንም ይረሳዋል። መርካቶን፣ አፍሪካ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ቢሆንም፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ጨርሶ ተዉት። ሸክምና ግፊያ የበዛበት ቦታ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚያየው የሰው ወገብ ብቻ ነው።

ደግነቱ ለልጅ የሚሆነው ነገር አብዛኛው አንድ አካባቢ ተሰብስቧል። አራት ኪሎን መነሻ አድርጉ። ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ወደ ታች ሲወረድ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ፤ የአፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽና ጥቁር ጎፈር አንበሶችን እዚያ ታገኛላችሁ። ወረድ ሲባል ወዳጅነት ፓርክና በ2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ይከተላሉ። በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ ፒያሳ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሳትቸኩሉ የሚሞላ ነው፤ የእግረኛ መንገዱም በቅርቡ ስለሰፋ ልጅን እጁን ይዞ መሄድ ከበፊቱ ቀሏል። የመግቢያ ዋጋና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከውጭ አገር የመጡ የወንድም ልጆች አብረው ካሉ የውጭ ዜጋ ዋጋ የተለየ መሆኑን አስቡ።

ብሔራዊ ሙዚየም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆች እጅግ የሚወዱት፣ ወላጆች ደግሞ በስህተት የሚያስረዱት ቦታ ነው። «ይኸውላችሁ የሉሲ አጥንት» ይባላል። በመስታወቱ ውስጥ ለሕዝብ የሚታየው ግን ቅጂው ነው፤ ዋናው ቅሪተ አካል በልዩ ክፍል ተጠብቆ ይቀመጣል። ሉሲ፣ በእኛ ስሟ ድንቅነሽ፣ በኅዳር 1967 አፋር ሐዳር ላይ ስትገኝ አርባ በመቶ የሚሆነው አጽሟ ነው የተገኘው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የአምስት ዓመት ልጃችሁ ሊስተካከላት ይችላል። ይህን ብትነግሩት ቀጥ ብሎ መቆሙ አይቀርም።

«የሉሲ ልጅ» የምትባለው ሰላምም አለች። በ1993 ዓ.ም. በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አፋር ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕጻን ናት። ልጇ ግን ልትሆን አትችልም፤ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሰላም ከድንቅነሽ መቶ ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ ነው የኖረችው። ለልጆች የሰላም ታሪክ ከድንቅነሽ ታሪክ ይበልጥ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ እኩያቸው ናትና።

«ክረምት ዝናብ ነው፣ ከቤት አያስወጣም»

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ፓርኩን ጠዋት፣ ሙዚየሙን ከሰዓት አድርጉት። ቅያሪ ካልሲ ከጃንጥላ ይበልጥ ይጠቅማል። በበጋ፣ ጥምቀትን ለማሳየት ለምትመጡ ደግሞ፦ ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱ መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉ የልጆቹን አቅም አይታችሁ ማደሪያችሁን ቅርብ አድርጉ።

«አውቶቡስ ሁሉ አውቶቡስ ተራ ነው የሚያወርደው»

አይደለም። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ላምበረት፣ ከደቡብ የሚመጣው ቃሊቲ፣ ከጅማ የሚመጣው አየር ጤና ነው የሚያራግፈው። ተቀባያችሁ ሌላ መናኸሪያ እንዳይጠብቅ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ሻንጣና ልጅ ይዞ ሚኒባስ ከመጋፋት ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት የጥሪ ታክሲዎች መሄድ ይሻላል፤ ኢንተርኔት ባይኖራችሁም ደውላችሁ ታስጠራላችሁ። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራውን ቀላል ባቡር ደግሞ እንደ መጓጓዣ ሳይሆን እንደ መዝናኛ ቁጠሩት፦ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ካልሆነ ጥቂት ፌርማታ ተሳፍሮ መመለስ ለልጅ በዓል ነው።

«ልጄ ስሙን ያውቃል፣ ቢጠፋም ይናገራል»

ስሙንማ ያውቃል። «አባትህ ማን ይባላል?» ሲባል ግን «አባዬ» ይላል፤ እናቱን ሲጠየቅ «እማዬ»። «ቤታችሁ የት ነው?» ሲባል «ከመስጊዱ ጀርባ»፤ ይህ በሰፈሩ በቂ አድራሻ ነው፣ መስቀል አደባባይ ላይ ግን ምንም አይደለም። ወላጆች «ሌባ ይሰርቅብናል» ብለው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቅፋሉ፤ የሁለቱም እጅ ቦርሳ ላይ ከሆነ የልጁን እጅ ማን ይያዝ? ባጃጅና ጋሪ የለመደ ልጅ የቀለበት መንገድ መኪና ፍጥነት አይገባውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በመሻገሪያው፣ ሁልጊዜ እጅ ለእጅ።

ከመሳፈራችሁ በፊት ባለው ሳምንት ልጆቻችሁን የእናትና የአባታቸውን ሙሉ ስም ከነአያታቸው፣ አንድ ስልክ ቁጥርም በቃላቸው አስጠኗቸው። ለማያነበውም ለሚረሳውም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አድርጉለት። እናንተም ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መሆኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።