የቤት ፍተሻ (አሜሪካ)

የቤት ፍተሻ በአሜሪካ ቤት ገዢ ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት በራሱ ወጪ የሚያስደርገው ምርመራ ነው። ባለሙያው ጣሪያውን፣ መሠረቱን፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሩን፣ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አይቶ የጽሑፍ ዘገባ ይሰጣል።

በእ.ኤ.አ. 1976 የተመሠረተው የአሜሪካ ቤት መርማሪዎች ማኅበር ባወጣው መመዘኛ መሠረት ፍተሻው በዓይን በሚታየው ላይ የተወሰነ ነው፤ መርማሪው ግድግዳ አይከፍትም፣ የቤት ዕቃም አያንቀሳቅስም። ስለዚህ በግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ምስጥና ራዶን የተባለው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ለብቻ ተከፍሎ ይመረመራሉ።

ዘገባው የቤቱን ዋጋ አይተምንም፤ ወደፊት ለሚደርስ ብልሽትም ዋስትና አይሆንም። የፍተሻ ቅድመ ሁኔታ በውሉ ከተካተተ፣ ገዢው በተወሰነው ቀን ውስጥ ጥገና ወይም የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ፣ አለዚያም እንደ ውሉ ቃል ግዢውን መተው ይችላል። ቀኑን ያሳለፈ ገዢ ግን ይህን መብቱን ሊያጣ ይችላል።