ሽልንግ የሚሉ ሰዎች

የሬዲዮ ድራማ ፊት የለውም። ሽበት አይታይ፣ ምርኩዝ አይታይ፤ ባለታሪኩ ያለው አንደበቱ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ታሪኩ ሲገቡ ዕድሜያቸውን፣ ሰፈራቸውንና ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ የማሳውቀው በሚናገሩት ቃል ነው። «ስልክ ምታልኝ» ካሉ አንድ ትውልድ ነው፤ «ደውልልኝ» ካሉ ሌላ። «ሽልንግ ጎደለኝ» ካሉማ አድማጩ ሰውየውን ፊት ለፊቱ ያያቸዋል።

ሽልንግን እወደዋለሁ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. የኛው ገንዘብ ሲወጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ግማሹ ብር ሃምሳ ሳንቲም ነውና ስሙ እዚያው ሳንቲሙ ላይ ቀረ። የውጭው ገንዘብ ከተረሳ በኋላ እንኳ ስንትና ስንት ዓመት ሰው ሃያ አምስቱን ስሙኒ፣ ሃምሳውን ሽልንግ እያለ ሲገበያይ ኖረ። ይህን ሁሉ ታሪክ በድራማ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቃሉ ራሱ ይዞት ይመጣል።

ግን ቃሉ ባለቤት ይፈልጋል። ወጣት ጸሐፊዎች የሚያመጡልኝን ረቂቅ ሳይ አብዝቼ የምሟገተው በዚህ ነው። አንድ አዛውንት ይፈጥራሉ፤ ከዚያ የድሮ የሚባለውን አነጋገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያናግሯቸዋል። ሰውየው ቤሳ ቤስቲን የለኝም ይላሉ፣ ጎረቤታቸውን ቀብራራ ብለው ይሰድባሉ፣ በቤልቦተም ሱሪ የዘነጡበትን ዘመን ያወሳሉ፣ በዚያው አፋቸው አባ ዳኘው ይሙት ብለው ይምላሉ። አባ ዳኘው የተባሉት አፄ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው፤ ቤልቦተም የ1960ዎቹ ልጆች ልብስ ነው። በንጉሥ ስም መማል ከንጉሡ ዕድሜ አልፎ እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ያከማቸ ሰው ግን የትም ሰፈር አልኖረም። አድማጭ ስህተቱን በስሙ ባይጠራው እንኳ ሰውየውን አያምናቸውም።

ቤሳ ቤስቲን ብቻውን ግን ማንም ሊለው ይችላል። ቤሳን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅም ኪሱ ሲራቆት ይለዋል። አንዳንዱ አነጋገር ከዘመኑ ተላቅቆ የሁሉም ይሆናል፤ አንዳንዱ ከነሰዎቹ ይቀራል። ሁለቱን መለየት የሙያችን ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከነሰዎቹ ከሚቀሩት ውስጥ እንደ አቤቱታና መሐላ የሚከብድ የለም። በንጉሡ ዘመን ሰው ሰውን በመንገድ ላይ ለማስቆም «በኃይለ ሥላሴ አምላክ!» ይል ነበር፤ የተባለውም ይቆማል። ዛሬ የቀረልን «በሕግ አምላክ» ነው። አሁን አንዲት እናት እናስብ፤ ጊዜው 1970 ዓ.ም.፣ ልጃቸውን የቀበሌ ጥበቃ እየጎተተ ሲወስደው ከኋላ ይሮጣሉ። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል። እናትየው ሲጨንቃቸው ከአፋቸው የሚወጣው ግን ዕድሜ ልካቸውን ያወቁት ቃል ነው፤ «በኃይለ ሥላሴ አምላክ!» በዚያ ዓመት፣ በዚያ ደጃፍ ይህ አነጋገር ልጁን ሊያስጥል ቀርቶ እናቲቱንም ሊያስጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ስጽፍ ሌላ ቃል አልጨምርም። በሕግ አምላክ ብዬ ባለሰልሰው ትዕይንቱ ባዶ ይቀራል።

በቀረጻ ጊዜ ደግሞ ከአንጋፋ ተዋንያን ብዙ እማራለሁ። የጡረተኛ ፖስተኛ ገጸ ባሕርይ የያዙ አንድ ጋሼ፣ ስለ ደርግ ዘመን በሚያወሩበት ቦታ «ታክሲ ይዤ» የሚለውን አንብበው ወረቀቱን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ደመወዙ ስንት ነው? በውይይት ነው የሚመጣው» አሉኝ። ውይይት ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ጭነት መኪና ነበር፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር። ሕዝቡ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ለውይይት የሚጠራበት ጊዜ ስለነበር ስሙን ያወጣለት ሰው ብዙ አልደከመም። በአንድ ቃል የፖስተኛውን ኪስ፣ ዘመኑንና የከተማውን ቀልድ አገኘሁ። ወጣቶቹ ተዋንያን ቀረጻውን አቁመው ሲጠይቋቸው ዋሉ።

አዘጋጆች አንዳንዴ «ይህን ወጣት አድማጭ አይረዳውም፣ ቀይረው» ይሉኛል። አልቀይርም። «በውይይት ተጣበን መጣን» የተባለ ሰው መጓጓዣ መሆኑን ይረዳል፤ ቀሪውን ከፈለገ አያቱን ይጠይቃል። መጠየቁ ራሱ ጥሩ ነው። በየቤቱ የማዝንበት ነገር ሌላ ነው፤ አባት ስልክ ምቱልኝ ሲሉ ልጆች ደጋግመው ያርሟቸዋል፣ ከጊዜ በኋላ አባት እየተጠነቀቁ መናገር ይጀምራሉ። መሳቅ ክፉ አይደለም፤ እኔም እስቃለሁ። እሳቸው ቃላቸውን መዋጥ ሲጀምሩ ግን ቤቱ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚመጣውን ወሬም ያጣል።

ከአብዮቱ በኋላ ተሰደው አሜሪካ የኖሩ ሰዎች ለእረፍት ሲመጡ እፈልጋቸዋለሁ። የወጡበትን ቀን አማርኛ ይዘው ነው የሚመለሱት። እዚህ የኖርነው ቃላችንን ሳናውቀው ቀይረናል፤ እነሱ ቀብራራውንም ዘናጩንም እንደነበረ ያወጡታል። ከእነሱ ጋር ቡና መጠጣት ለኔ ሥራ ነው።

አሁን በምጽፈው ታሪክ ውስጥ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ አሉ። ድርጅቱ ለብዙ ዘመን የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበር፤ የጣቢያው ስም ለገሃር እንኳ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲናደዱም ሲቀልዱም ከፈረንሳይኛው ጣል ማድረጋቸው አይቀርም። የትኛውን ቃል፣ ለአለቃ ወይስ ለጓደኛ እንደሚሉት ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁም፤ ገምቼም አልጽፍም። ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሠሩ አንድ አባት በዚህ ሳምንት ሊያገኙኝ ቃል ገብተውልኛል። እስከዚያ የሰውየው ምልልስ ክፍት ነው።